አድማ በታሰረበት መስክ ማኅበር ምን ይሠራል? የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች ጉዳይ

ዲሴምበር 2 ቀን 2022 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ወደ 115,000 በሚጠጉ የአሜሪካ የጭነት ባቡር ሠራተኞች ላይ የሥራ ውል የሚጭን ሕግ ፈረሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በድርድሩ ከነበሩት አሥራ ሁለት ማኅበራት አራቱ ውሉን በአባሎቻቸው ድምፅ ውድቅ አድርገውት ነበር። የሐዲድ ጠጋኞች፣ የምልክት ባለሙያዎች፣ የቦይለር ሠራተኞችና ትልቁ የኮንዳክተሮች ማኅበር «አንቀበልም» ቢሉም፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ቀን ውስጥ ያንኑ ውል ሕግ አደረጉት፤ አድማውም ሳይጀመር ቀረ። ሠራተኞቹ አጥብቀው የጠየቁት ሰባት ቀን ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ ሴኔቱ ውስጥ 52 ለ43 ድጋፍ አግኝቶ፣ የሚፈለገው 60 ድምፅ ስላልሞላ ወደቀ።

ይህን ያየ ሰው «አድማ መምታት ካልቻለ ማኅበሩ ምን ይፈይዳል?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ግን ዜና በማይደርስባቸው ቦታዎች ይገኛል፤ በዲሲፕሊን ምርመራ ክፍል፣ በይግባኝ ቀነ ገደብ፣ በጉዳት ማስታወቂያ ቅጽ ላይ በምትሞላ አንዲት መስመር፣ ሐዲድ ላይ በሚቆም ሰማያዊ ምልክት። ማኅበራቱ አብዛኛውን ጥበቃ የሚሰጡት በእነዚህ ነው። ያም ሆኖ ሕጉ ከሠራተኛው ይልቅ ጭነቱ ሳይቆም እንዲሄድ ያደላል፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ጥበቃው ብቻ ማውራት ግማሹን እውነት መደበቅ ነው።

የማያበቃ ውል

የባቡር ሠራተኞች እንደ ፋብሪካ ሠራተኞች በ1935ቱ አጠቃላይ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ አይተዳደሩም። የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በ1926 የወጣው የባቡር ሠራተኛ ሕግ። ከእሱ በፊት ያለው ታሪክ ደም አለበት። በ1877 ከደመወዝ ቅነሳ የተነሣው አድማ በብዙ ግዛቶች ተዛምቶ በወታደር ተበተነ፤ በ1894 የፑልማን አድማ ጊዜም የፌዴራሉ መንግሥት በፍርድ ቤት እግድና በጦር ሠራዊት ገባበት። የ1926ቱን ሕግ ኩባንያዎቹና ማኅበራቱ አብረው ተደራድረውበት ነው ለምክር ቤት ያቀረቡት። ቀዳሚ ዓላማው ንግድ እንዳይቋረጥ ማድረግ ሲሆን፣ ሠራተኛው ያለ አሠሪ ጣልቃ ገብነት የመደራጀት መብቱም በዚሁ ሕግ ታወቀ።

ውክልናው በሙያ የተከፈለ ነው። ባቡር ነጂዎች፣ ኮንዳክተሮች፣ የፉርጎ ጠጋኞች፣ የትራፊክ ተቆጣጣሪዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማኅበር ይመርጣሉ፤ ምርጫውም በአንድ ጣቢያ ሳይሆን በመላው የኩባንያው መስመር ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት ማኅበር የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። የነጂዎቹ ማኅበር ከ1863 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት መካከል ከአንጋፋዎቹ ይመደባል።

የዚህ ሕግ ትልቁ ልዩነት የኅብረት ስምምነቱ አለማብቃቱ ነው። የተጻፈው ቀን ሲደርስ ውሉ «ሊሻሻል የሚችል» ይሆናል እንጂ አይሞትም። ለውጥ የሚፈልግ ወገን ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሌላው ወገን ማስታወቂያው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ የስብሰባ ቦታና ጊዜ ላይ መስማማት አለበት። ድርድሩ ካልሰመረ ጉዳዩ በ1934 ወደተቋቋመው ብሔራዊ አስማሚ ቦርድ ይሄዳል። ቦርዱ የጊዜ ገደብ የለበትም። ሁለቱን ወገኖች እስኪለቃቸው ድረስ ወራትም ሆነ ዓመታት ሊያቆያቸው ይችላል። ተስፋ ሲቆርጥ በግልግል ዳኛ እንዲጨርሱ ይጠይቃቸዋል፤ አንዱ ወገን እምቢ ካለ የ30 ቀን ማብረጃ ጊዜ ይጀመራል። በዚያ መካከል ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ቦርድ ካቋቋሙ ሪፖርት ለማቅረብ 30 ቀን፣ ከሪፖርቱ በኋላም ሌላ 30 ቀን ይጨመራል። ይህ ሁሉ አልፎ ነው አድማ ሕጋዊ የሚሆነው። ያኔም ምክር ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በ2022ቱ ክርክር ከመጀመሪያው ማስታወቂያ እስከ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ ሦስት ዓመት አልፏል። በነዚያ ሦስት ዓመታት ሠራተኛው የቆየው በአሮጌው ደመወዝ ነው። በመጨረሻ የተገኘው ከ2020 እስከ 2024 ተደምሮ 24 በመቶ ጭማሪና በየዓመቱ 1,000 ዶላር ጉርሻ ነበር፤ ያለፈው ጊዜ ውዝፍም ተከፍሏል። ነገር ግን ገበያው የጨመረውን በየወሩ ከኪሱ የከፈለ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደርሰው ውዝፍ እኩል አይሆንለትም። መዘግየቱ ለኩባንያው ይመቻል፤ ይህ የሕጉ ትልቁ ድክመት ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ለከተማ ዳርቻ የመንገደኛ ባቡሮች ሂደቱ ይለያል። እዚያ እስከ ሁለት ጊዜ አስቸኳይ ቦርድ ሊቋቋም ይችላል፤ መጠበቂያው በጠቅላላው እስከ 240 ቀን ይረዝማል። መንገዱ ተሂዶ ሲያልቅ ግን አድማ ይቻላል። የኒው ጀርሲ ትራንዚት ነጂዎች ሜይ 16 ቀን 2025 ሥራ አቁመው፣ በሦስተኛው ቀን ጊዜያዊ ስምምነት ላይ ደርሰው ተመልሰዋል።

ዐቢይ ክርክርና ንዑስ ክርክር

መጠበቁ ለሠራተኛውም የሚሰጠው ነገር አለ። ድርድሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ኩባንያው ደመወዝን፣ የሥራ ደንብንና የሥራ ሁኔታን በራሱ ፈቃድ መለወጥ አይችልም። ነባሩ ሁኔታ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ስለዚህ ኩባንያ አዲስ መመሪያ ሲያወጣ የመጀመሪያው የሕግ ጥያቄ «ይህ ውሉን የሚለውጥ ነው ወይስ ውሉን የሚተረጉም?» የሚል ነው። የሚለውጥ ከሆነ ዐቢይ ክርክር ነው፤ ኩባንያው እጁን ሰብስቦ መደራደር አለበት። የሚተረጉም ከሆነ ንዑስ ክርክር ነው፤ መመሪያው ወዲያው ይሠራል፣ ማኅበሩ በኋላ በግልግል ይከራከራል፣ አድማም ይታገዳል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ኮንሬል በተባለ የባቡር ኩባንያ ጉዳይ ያስቀመጠው መለኪያ ለኩባንያው ቀላል ነው። እርምጃው ከውሉ ወይም ከቆየ ልማድ ላይ ሊያከራክር የሚችል መነሻ ካለው ክርክሩ ንዑስ ይባላል። ጃንዋሪ 2022 ቢኤንኤስኤፍ የተባለው ኩባንያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 30 ነጥብ ሰጥቶ፣ ሲቀር ነጥቡን የሚቀንስ የመገኘት መመሪያ አወጣ። ከ17,000 በላይ ሠራተኞችን የሚወክሉት ሁለት ማኅበራት ለአድማ ሲዘጋጁ ቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ዳኛ አገዳቸው፤ መመሪያውም በፌብሩዋሪ 1 ሥራ ላይ ዋለ።

ልምድ ያላቸው ተደራዳሪዎች ከዚህ የተማሩት ቃል መምረጥን ነው። «ኩባንያው ምክንያታዊ የመገኘት ደንብ ሊያወጣ ይችላል» የሚል ለስላሳ አረፍተ ነገር ውል ውስጥ ከገባ በኋላ የሚከፈትበት በር ሰፊ ነው። በተቃራኒው «ሕመም በሐኪም ማስረጃ ከተደገፈ እንደ መቅረት አይቆጠርም» የሚል ግልጽ መስመር ለኩባንያው የሚያከራክር መነሻ አይተውለትም። የብዙ ወራት ድርድር አንዳንዴ በአንድ ግሥ ላይ የሚውለው ለዚህ ነው።

የምርመራው ክፍል

ባቡር ነጂ ቀይ ምልክት አለፈ፣ ኮንዳክተር የሐዲድ መቀየሪያ ሳይቆልፍ ሄደ፣ ሐዲድ ጠጋኝ ተጠርቶ አልመጣም ሲባል ኩባንያው ብድግ ብሎ ማባረር አይችልም። የኅብረት ስምምነቶቹ ፍትሐዊና ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግ ያስገድዳሉ። ቃሉ ገለልተኛ ይበል እንጂ ምርመራውን የሚመራው የኩባንያው ኃላፊ ነው፤ ከሳሹም ኩባንያው፣ ወሳኙም ኩባንያው ነው። የማኅበሩ ሥራ ከዚህ ሚዛን ያጋደለ ክፍል ውስጥ ለኋላው ዳኛ የሚጠቅም መዝገብ ይዞ መውጣት ነው።

የአካባቢው የማኅበር ሊቀመንበር ብዙ ጊዜ ራሱም ባቡር ላይ የሚሠራ ሰው ነው። የክስ ደብዳቤው ሲደርሰው መጀመሪያ ቀኑን ይቆጥራል። ውሉ ኩባንያው ድርጊቱን ባወቀ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት ይላል፤ ቁጥሩ ከውል ውል ይለያያል። ቀኑ ካለፈ ክሱ በዚያ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ቀጥሎ ክሱ ድርጊቱን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ለይቶ ማስቀመጡን ያያል፤ ምክንያቱም ባልተጠቀሰ ነገር መቅጣት ሌላ የይግባኝ ነጥብ ነው። ከዚያ ማስረጃ በጽሑፍ ይጠይቃል። የሎኮሞቲቩን ፍጥነትና ፍሬን የሚመዘግበው መሣሪያ ንባብ፣ የካሜራ ምስል፣ ከተቆጣጣሪው ጋር የተደረገ የሬዲዮ ንግግር ቅጂ፣ የዕለቱ የሥራ መመሪያ፣ የምስክሮች ስም። ኩባንያው ካልሰጠ እምቢታው ራሱ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል።

ምርመራው ቃል በቃል ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የሚከብድበት ምክንያት አለ፤ በኋላ ጉዳዩን የሚያየው የግልግል ቦርድ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያልተነገረ ተቃውሞ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የተካነ ወኪል ተቃውሞውን እንኳ መሪው እንደሚያልፈው እያወቀ ጮክ ብሎ በመዝገብ ያስገባዋል።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ከምርመራው በፊት ነው። ሠራተኛው በድንጋጤ ለአለቃው የጽሑፍ ቃል ይሰጣል፣ ከዚያም ወኪሉ የሚሟገተው ከራሱ አባል ፊርማ ጋር ይሆናል። ወይም ኩባንያው «ጥፋትህን ብታምን ቅጣቱ ይቀልልሃል፣ ምርመራም አያስፈልግም» የሚል የስምምነት ወረቀት ያቀርብለታል። ወረቀቱ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ማስረጃው ከባድ ሲሆን ሥራን ያተርፋል። ነገር ግን የፈረመ ሰው ይግባኝ የለውም፣ ቅጣቱም በመዝገቡ ላይ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ጥፋት ወደ መባረር የሚያስጠጋ ደረጃ ይሆናል። ሳይመክሩ መፈረም የለም።

ከቅጣቱ በኋላ ይግባኙ ከአካባቢ ሊቀመንበር ወደ አጠቃላይ ሊቀመንበር፣ ከዚያም ኩባንያው ወደሰየመው የመጨረሻ ባለሥልጣን ይወጣል። በየደረጃው ቀነ ገደብ አለ፤ አንዱ ከተሳተ ትክክለኛው ጉዳይ ሳይቀር ይሞታል። ሁለቱ ወገኖች ስብሰባ ተቀምጠው መወያየታቸውም በጽሑፍ መያዝ አለበት። የመጨረሻው ደረጃ ብሔራዊ የባቡር ማስተካከያ ቦርድ ወይም ሁለቱ ወገኖች ለራሳቸው የሚያቋቁሙት ቦርድ ነው፤ በኋለኛው አንድ የኩባንያ፣ አንድ የማኅበር፣ አንድ ገለልተኛ አባል ይቀመጣሉ። የሚመረምሩት ሦስት ነገር ነው። ምርመራው ፍትሐዊ ነበር ወይ? ለውሳኔው በቂ ማስረጃ አለ ወይ? ቅጣቱስ ከልክ አላለፈም ወይ? ውጤቱ ከሙሉ ውዝፍ ደመወዝ ጋር መመለስ ሊሆን ይችላል፤ «ይመለስ፣ ውዝፍ ግን አይከፈለው» የሚል መካከለኛ ውሳኔም የተለመደ ነው። ያ ለተቀበለው ሰው ደመወዝ አልባ ረጅም እገዳ ማለት ነው።

የእነዚህን ገለልተኛ ዳኞች አበል የሚከፍለው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ለድሃ ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በሌላ መስክ ማኅበርና አሠሪ ወጪውን ይካፈላሉ። ግን በጀት ሲያጥር ጉዳዮች ይከማቻሉ፣ የተባረረ ሰውም ይጠብቃል። ፍርድ ቤት የቦርዱን ውሳኔ የሚነካው እጅግ በጠበበ ምክንያት ነው፦ ሕጉ ካልተከበረ፣ ቦርዱ ከሥልጣኑ ካለፈ፣ ወይም ማጭበርበር ወይም ሙስና ካለ።

አካል ሲጎዳ

የባቡር ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ በአብዛኛው ሠራተኛ ዘንድ የታወቀው፣ ጥፋት ሳይጠየቅ የሚከፈለው የጉዳት ካሳ አይመለከተውም። በ1908 የወጣው የአሠሪዎች ተጠያቂነት ሕግ ኩባንያውን በቸልተኝነት እንዲከስ ያስችለዋል። የማስረጃው ሸክም በሠራተኛው ላይ ቢሆንም ቀላል ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1957 የኩባንያው ቸልተኝነት ለጉዳቱ እጅግ ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ እንደሚበቃ ወሰነ። ሠራተኛው ራሱም ጥፋት ካለበት ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ነገር ግን ኩባንያው የደኅንነት ሕግ ጥሶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ1893 ጀምሮ የተደነገገው የፉርጎ መገጣጠሚያ ወይም ከ1910 ጀምሮ የተደነገገው የእጅ ፍሬን ብልሽት ካለበት፣ የሠራተኛው ጥፋት አይቀነስበትም። ክሱ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

የማኅበሩ ጥበቃ እዚህ የሚጀምረው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። የጉዳት ማስታወቂያ ቅጹ «ጉዳቱ በምን ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ «አላውቅም» ወይም «ረገጥኩና ወደቅሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ከዓመት በኋላ ያንኑ ወረቀት ፍርድ ቤት ያገኘዋል። መርገጫው ላይ ዘይት ከነበረ፣ ጠጠሩ ከልክ በላይ ትልቅ ከነበረ፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ቀደም ብሎ ሪፖርት ተደርጎ ከነበረ በዚያች መስመር መጻፍ አለበት። የፉርጎው ቁጥር፣ የቦታው ፎቶ፣ የምስክሮች ስም ሳይዘገይ ይያዝ። የኩባንያው የካሳ ወኪል በድምፅ የሚቀዳ ቃል ሲጠይቅ ከማኅበሩ ጋር ሳይመክሩ አይሰጥም።

ከዚህ ጎን ለጎን የፌዴራሉ የባቡር ደኅንነት ሕግ ጉዳት ያስታወቀን፣ አደገኛ ሁኔታ የጠቆመን ወይም ሐኪም ያዘዘለትን ሕክምና የተከተለን ሠራተኛ መቅጣት ይከለክላል። ኩባንያው ሕክምና ማዘግየትም አይችልም። አቤቱታው ኦሻ ለሚባለው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ180 ቀን ውስጥ ይገባል፤ በ210 ቀን ውስጥ የመጨረሻ ውሳኔ ካልተሰጠ ሠራተኛው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የቅጣት ካሳው እስከ 250,000 ዶላር ይደርሳል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ የኅብረት ስምምነቱን ይግባኝ እየጠበቁ 180 ቀኑ ያልፋል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሰዓት አያቆምም።

ሐዲዱ ላይ

የፉርጎ ጠጋኝ ከባቡር ሥር ሲገባ ሰማያዊ ምልክት ያቆማል። ምልክቱ ቆሞ ሳለ ያንን ባቡር ማንቀሳቀስ ወይም ሌላ ፉርጎ መግጠም ክልክል ነው፤ ማንሣት የሚችለውም ያቆመው የሙያ ቡድን ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጅ ቢቸኩል እንኳ አያነሣውም። ሐዲድ ጠጋኞችን የሚመለከተው የ1997ቱ የፌዴራል ደንብ ደግሞ ማኅበራትና ኩባንያዎች አብረው የቀረጹት ነው። በዚያ ደንብ መሠረት ሥራው ሳይጀመር ስለ ጥበቃው ገለጻ ይደረጋል፤ ጥበቃው አይበቃም ብሎ በቅን ልቦና ያመነ ሠራተኛ ጥያቄው እስኪፈታ ድረስ ሐዲዱ ላይ አልወጣም የማለት መብት አለው። ጠባቂ ቆሞ በሚሠራበት ጊዜ ሠራተኛው ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 15 ሰከንድ አስቀድሞ አስተማማኝ ቦታ መቆም አለበት። በሰዓት 60 ማይል የሚሮጥ ባቡር በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መሣሪያ አንሥቶ ለመውጣት 10 ሰከንድ የሚፈጅበት ቡድን ባቡሩን ከ670 ሜትር ገደማ ርቀት ማየት መቻል አለበት። ኩርባ ላይ ይህ አይገኝም፤ ያኔ ሥራው በሌላ ዓይነት ጥበቃ ይሠራል ወይም ይቆማል።

የዕረፍት ሕጉም ቁጥር አለው። የባቡር ቡድን ከ12 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከዚያ 10 ሰዓት የማይረበሽ ዕረፍት ያገኛል፣ በወር ከ276 ሰዓት አያልፍም፣ ስድስት ተከታታይ ቀን ከሠራ 48 ሰዓት ያርፋል። ግን 12 ሰዓቱ አልቆ ሜዳ ላይ መኪና እየጠበቀ የሚቀመጥበት ጊዜ ሥራም ዕረፍትም ተብሎ አይቆጠርም። ማኅበራቱ ለዓመታት ሲታገሉት የቆዩት ይህን ነው፤ የ2008ቱ ሕግ በወር እስከ 30 ሰዓት ገደበው።

የሠራተኛ ቁጥሩ መመናመን ይህን ሁሉ ያከብደዋል። በአገሪቱ የባቡር ትራንስፖርት ተቆጣጣሪ ቦርድ ሊቀመንበር በ2022 እንደተናገሩት፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 45,000 ሠራተኛ፣ ማለትም 29 በመቶ ቀንሰዋል። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 ኢስት ፓለስታይን፣ ኦሃዮ ላይ 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ሲወጡ መነሻው ግሎ የተሰበረ የመንኮራኩር ኩሽኔታ ነበር። ማኅበራቱ ፍተሻ በተቀነሰ ሰው ሲሠራ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለዓመታት ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ባቡር በመደበኛነት ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲኖርበት ደነገገ።

በሴኔት የወደቀው የሕመም ፈቃድም ሞቶ አልቀረም። ማኅበራቱ ከብሔራዊው ጠረጴዛ ወጥተው ኩባንያ በኩባንያ ጠየቁ። ሲኤስኤክስ የተባለው የባቡር ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2023 ከሁለት ማኅበራት ጋር አራት ቀን ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ፣ በተጨማሪም ሦስት የግል ፈቃድ ቀናትን ለሕመም የመጠቀም ምርጫ ተስማማ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ከማኅበሩስ ማን ይጠብቃል?

የእነዚህ ማኅበራት ታሪክ ንጹሕ አይደለም። ብዙዎቹ ጥቁሮችን ከአባልነት በደንብ ያገሉ ነበር፤ ወኪላቸው ግን ሆነው ይፈርሙ ነበር። ጥቁሩ የሠራተኛ መሪ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ በ1925 የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጆችን ማኅበር የመሠረተው በዚህ ዘመን ነው፤ ከፑልማን ኩባንያ ጋር ውል የተፈረመው ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ነው። በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር የሎኮሞቲቭ እሳት ጠባቂ ባቀረበው የስቲል ጉዳይ፣ ብቸኛ ወኪል የሆነ ማኅበር በሙያው ያሉትን ሁሉ፣ አባል ያልሆኑትንም ጭምር፣ ያለ አድልዎ የመወከል ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ዛሬ ሠራተኛ ማኅበሩ በክፋት፣ በአድልዎ ወይም በዘፈቀደ ጉዳዩን ጣለብኝ ብሎ መክሰስ የሚችለው ከዚያ በመነሣት ነው። ማኅበሩ ደካማ ነው ያለውን ይግባኝ መተው ይችላል፤ ሳያየው መተው ግን አይችልም።

አሁን ትልቁ ስጋት ውህደት ነው። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ጁላይ 2025 ሌላውን የባቡር ኩባንያ ኖርፎክ ሳውዘርንን በ85 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ከ1979 ጀምሮ ተቆጣጣሪው በትልልቅ ውህደቶች ላይ የሚጥለው «ኒው ዮርክ ዶክ» የሚባል የጥበቃ ደንብ አለ። በውህደቱ ምክንያት ደመወዙ የቀነሰበት ወይም ሥራው የጠፋበት ሠራተኛ እስከ ስድስት ዓመት የማካካሻ ክፍያ ያገኛል፤ ከዚያ በፊት ያገለገለው ከስድስት ዓመት በታች ከሆነ ጥበቃውም በዚያው ልክ ያጥራል። ክፍያው የሚሰላው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበሩት 12 የሥራ ወራት ካገኘው ገቢ በወር አማካይ ነው። ጉዳቱን ከአንድ የተለየ የውህደቱ እርምጃ ጋር ማያያዝ የሠራተኛው ፋንታ ሲሆን፣ ኩባንያው «የቀነስኩህ ጭነት ስለቀነሰ ነው» ብሎ መከራከር ይችላል። ስለዚህ ማኅበራት አባሎቻቸውን የሚመክሩት ከወዲሁ ነው፦ የየወሩን የደመወዝ ወረቀት፣ የተሠራበትን የሥራ ምድብና የሥራ መጥሪያ መዝገብ በየቤታቸው ማስቀመጥ፤ የኩባንያው ኮምፒውተር መለያ ቁልፍ በተዘጋ ማግስት እነዚያን ወረቀቶች ማግኘት አስቸጋሪ ነው።